በመስኮት በኩል ያለው ጉንጭ

ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። በመናኸሪያው ውስጥ አውቶብሶች ተራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ረዳቶች ጣራ ላይ ወጥተው የሻንጣ ገመድ ያጠብቃሉ። ዳር ላይ በቆመው አውቶብስ አጠገብ አንድ ሸምገል ያሉ፣ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው የደፉ ሾፌር አንገታቸውን ወደ ስፖኪዮው አስግገው ግማሽ ሎሚ በግራ ጉንጫቸው ላይ ያሻሉ። ሲያሹ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ጥርሳቸውን ነከስ ያደርጋሉ። ማቃጠሉን አይጠሉትም፤ ያላቃጠለ ነገር መድኃኒት አይመስላቸውም።

እኚህን ሰው በመስመሩ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቀስበል» በሚለው ቅጽል ስም ነው። ወጣት ሾፌር በአጠገባቸው ተፈትልኮ ሊያልፍ ሲል እጃቸውን በመስኮት አውጥተው «ቀስ በል!» ማለት ልማዳቸው ስለሆነ ስሙ እንደ ቀልድ ወጥቶ እንደ ቁም ነገር ቀረ። ዋና ስማቸውን ከባለቤታቸውና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?»

ዞር ቢሉ መነጽር ያደረገ፣ ትንሽ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት ከኋላቸው ቆሟል።

«ማን ልበል?»

«የድሮው ረዳትዎ ልጅ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር እየመጣሁ ጋቢና ውስጥ የምተኛው።»

«አንተ! ያ የማርሹን እጀታ እንደ ትራስ ተንተርሶ የሚያንኮራፋው? ቁመት እንዲህ በነፃ ሲታደል እኛ የት ሄደን ነበር? አባትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው።»

ጋሽ ቀስበል ከልባቸው ሳቁ። ወጣቱ ሊስማቸው ጎንበስ ቢል የሎሚው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባና ቀና ብሎ ጉንጫቸውን አየ።

«ለመሆኑ ምን ላይ ደረስክ?» አሉት።

«ሐኪም ሆኛለሁ። እርስዎ በሚያራግፉበት፣ ቤትዎም ባለበት ከተማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ነው የምሠራው። የቆዳ ክፍል።»

«የቆዳ? የሰው ልብና ሆድ አልቆ ነው ቆዳ ላይ የመደቡህ?»

«ቆዳም ሰው ላይ ነው ያለው፣ ጋሼ። ይልቅ ይሄ ሎሚ ምን ሆኖ ነው?»

«ግባ፤ ጋቢና ቁጭ በል። ግን ስማ፣ መሪ ይዤ አልከራከርም። የሚጠየቅ ካለህ ስንቆም ጠይቀኝ።»

ይህ የቆየ ሕጋቸው ነው። አውቶብሱ እየሄደ ከረዳታቸውም ጋር ቢሆን ከ«አውርድ» እና ከ«ጫን» የበለጠ ቃል አይለዋወጡም። ስለዚህ የዚያን ቀኑ ክርክር አውቶብሱ በቆመበት ቦታ ሁሉ እየተቆራረጠ የተካሄደ ነው፤ ምናልባትም የጠቀመው ይኸው ነው። ሰው በመካከሉ ዝም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ካገኘ፣ ከመርታት ይልቅ መረዳት ይቀለዋል።

ከከተማው እንደወጡ ፀሐይ በግራ በኩል ብቅ አለች። ጋሽ ቀስበል እጅጌ ጉርድ ሸሚዛቸውን ለብሰው ግራ ክርናቸውን መስኮቱ ሥር አሳርፈዋል። ልጁ በጎን እንደሚያያቸው ያውቃሉ። «ይየኝ» አሉ በልባቸው። የእሱ ዓይን አልነበረም የሚያስጨንቃቸው። ድርጅቱ አዳዲስ አውቶብሶች ሊያስገባ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ሾፌሮች ሁሉ ተመርምረው የሚመረጠው ይመረጣል፤ ያልተመረጠው «ዕድሜው ገፍቷል» ተብሎ ጋራዥ በር ላይ ወንበር ይሰጠዋል። ይህ ወሬ በተሰማ ሰሞን አዲስ የተቀጠረች ትኬት ቆራጭ ፊታቸውን አየት አድርጋ፣ «አባባ፣ እስካሁን ጡረታ አልወጡም እንዴ?» አለቻቸው። በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ሎሚው የተጀመረው በማግስቱ ነው።

ለቁርስ በቆሙበት ቤት፣ ሻይና ዳቦው ከመጣ በኋላ፣ ሐኪሙ ጊዜ አላጠፋም።

«ጋሼ፣ እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉልኝ።»

«ልታስረኝ ነው?»

«ላስቆጥርዎት ነው።»

ዘረጉለት። ግራው፣ ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ እስከ ጣታቸው፣ ምስር የተበተነበት ይመስላል፤ ቀኙ ላይ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ቢገኝ ነው።

«ግራ እጅዎ ቀኝ እጅዎን በስንት ዓመት ይበልጠዋል?»

«መንታ ናቸው» አሉ እየሳቁ።

«ታዲያ አንዱ አርጅቶ አንዱ ለምን ቀረ?»

«ቀኙ ማርሽ ሲቀይር ይውላል። ግራው መስኮት ተደግፎ ይተኛል። ሰነፍ ቶሎ ያረጃል፤ አታውቅም?»

«ግራ ጉንጭዎስ? እሱም ሰንፎ ነው?»

ሻያቸውን ፉት አሉ። «ማድያት ነው ይሉኛል። ያ ባለጌ ረዳቴ ደግሞ ‹ማድያት የነፍሰ ጡር ነው፤ ስንተኛ ወርዎን ይዘዋል?› እያለ ሰው ያስቅብኛል።»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። «ማድያት አይደለም። ማድያት እንደ ደመና ተያይዞ ይሰፋል፤ ይሄ ነጠላ ነጠላ ነው። የዕድሜ ነጠብጣብ ይባላል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣው ቢሆን ከሸሚዝዎ ሥር ያለው ትከሻዎም በኖረው ነበር። የሚያመጣው ፀሐይ ነው። ዕድሜ ያደረገው ነገር ቢኖር ፀሐይዋ እንድትጠራቀም ጊዜ መስጠት ነው።»

«እኔ እኮ መስኮት ዘግቼ ነው የምነዳው! አቧራ የማልወድ ሰው ነኝ።»

«የፊት ለፊቱ መስታወት ድርብ ነው፤ አብዛኛውን ያስቀረዋል። የጎኑ ግን ስስ ነው። ሙቀቷን ቀነስ ያደርግልዎታል፤ ቆዳ የሚያስረጀው ጨረሯ ግን ሾልኮ ይገባል። ስለማያቃጥልዎ የሌለ ይመስልዎታል።»

ጋሽ ቀስበል ሁለት እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ እያገላበጡ አዩአቸው። ነገሩ ዓይናቸው ሥር የነበረ ነው፤ በዚህ መልክ ያሳያቸው ግን አልነበረም። ቢሆንም እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፤ ፀሐይ ናት እንበል። ለዚህ ነዋ ሎሚ የምቀባው! ሎሚ ያነጣል። ሸሚዜን ዝገት ሲነካው ባለቤቴ በሎሚ አሽታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ነጭ ሆኖ ይመጣል።»

«እርስዎም ፊትዎን በሎሚ አሽተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።»

«አዎን!»

«ሸሚዙ ነጣ። ፊትዎስ?»

መዋሸት ስላልሆነላቸው፣ «ጠቆረ» አሉ። «እኔ ያልበቃው መስሎኝ እየጨመርኩ ነበር።»

«ሸሚዝ ነፍስ የለውም፤ ሲጎዳ ይነጣል። ቆዳ ግን ሕያው ነው፤ ሲጎዳ ራሱን ለመከላከል ይጠቁራል። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ሲድን ከበፊቱ የባሰ ጥቁር ትቶ ይሄዳል። ማታ ቢቀቡት እንኳ አይበጅም፤ ጠዋት ተቀብቶ መስኮት ሥር መዋል ግን እሳት ላይ ማራገብ ነው።»

ረዳቱ ጥሩምባ ነፋ። ክርክሩ ተቋረጠ።

ቀጥሎ ያለው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ጋሽ ቀስበል በከባድ ማርሽ ይዘው ሲወርዱ ፊታቸው እንደ ወትሮው ረጋ ብሏል። ነዳጅ ማደያው እንደደረሱ ከጋቢናው ሳይወርዱ ክርክሩን መልሰው ያዙት።

«ግን እኮ ያቃጥላል! ካልሠራ ለምን ያቃጥላል?»

«አሁን ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬንዎ ተቃጥሎ ቢሸትዎት፣ ‹ጎሽ፣ በደንብ እየያዘ ነው› ብለው ይቀጥላሉ?»

«እብድ ነኝ? እቆማለሁ እንጂ!» አሉና ወዲያው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ባርኔጣቸውን ወደፊት ጎተት አድርገው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ሚዛናዊ መሆን ይገባል። አዛውንቱ በከንቱ የሚከራከሩ አልነበሩም፤ ፍርሃታቸው በዓይናቸው ካዩት የመጣ ነው። «የባለቤቴ እህት» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንደናንተ የተማረ ሰው አለበት ተብሎ አንድ ውበት ቤት ገባች። በሌዘር ተኮሱላት። ጥቁሩ ነጥብ ሄደ፤ በቦታው ነጭ ነጥብ መጣ። አሁን ቤት ውስጥም ሻሿን አታወርድም። እሺ ይሄስ?»

ሐኪሙ አላስተባበለም። «ልክ ነዎት፤ ይደርሳል። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሌዘርም ሆነ በኃይለኛ ቅዝቃዜ መተኮስ የሚያውቅ እጅና አነስ ያለ ኃይል ይፈልጋል። ያለዚያ ወይ ነጭ ወይ ከበፊቱ የጠቆረ ምልክት ይተዋል። እኛም የምንጀምረው ከእሱ አይደለም።»

«ገበያ ላይስ ያለው? ስም የሌለው ቅልቅል ክሬም አለ፤ በሳምንት ፊት እንደ ጨረቃ ያበራል ይላሉ።»

«እሱን ከሎሚውም አብልጠው ይሽሹት። ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም። ብዙ ጊዜ ኃይለኛ መድኃኒት ተደባልቆበት ይገኛል፤ መጀመሪያ ያበራል፣ ከዚያ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሳዋል፤ ሲያቆሙት ደግሞ የባሰ ይመለሳል።» ከዚያ ወጣቱ አንድ ስህተት ሠራ። መነጽሩን እየጠረገ፣ «ለነገሩ ጋሼ፣ እነዚህ ነጠብጣቦች አይጎዱዎትም። የመልክ ጉዳይ ናቸው። በእርስዎ ዕድሜ ለመልክ መጨነቅ ምን ያደርጋል?» አለ።

የጋሽ ቀስበል ፊት ተለወጠ።

«በእኔ ዕድሜ? ስማ አንተ ልጅ። አንተ ነጭ ጋዎንህን ለብሰህ ስትገባ ሰው ‹ዶክተር› ይልሃል። እኔ ከዚህ መሪ ስወርድ ምን ይሉኛል? በሚመጣው ሳምንት ሊመርጡን ነው። ‹ሽማግሌው ፊቱ ሁሉ አልቋል፤ ደክሟል› ብለው ጋራዥ በር ላይ ሊጎልቱኝ ይችላሉ። ደክሜ አይደለም! ዓይኔ ያያል፣ እግሬ ይረግጣል። ጉንጬ ነው የሚያሳጣኝ። እና አንተ መልክ ነው ትለኛለህ።»

ወጣቱ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጥፍቻለሁ። ሰው ስለ ገጽታው የሚጨነቀው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር ስላለ ነው፤ መጠየቅ ሲገባኝ ፈረድኩ።»

«ተወው፤ ልጅ ነህ» አሉ። ቁጣቸው እንደ ሞተራቸው ነው፤ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። «እንግዲህ የምታውቀውን ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ፀሐይዋን መከልከል። ረጅም እጅጌ፤ በጎኑ መስታወት ላይ ጨረር የሚያስቀር ላስቲክ፤ ለፊትና ለእጅ ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በመንገድ ላይ ደግሞ በየእረፍቱ መድገም። ይህ ሳይኖር ሌላው ሁሉ በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያ ሐኪም አይቶ የሚያዝዘው፣ ማታ ማታ ነጠብጣቡ ላይ የሚቀባ መድኃኒት አለ። በተወሰነለት ጊዜ ይቆማል፤ ዕድሜ ልክ አይቀቡትም። በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ሁሉም ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«ያ ቅባት ፊት ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው አይደለም? ወፍጮ ቤት የዋልኩ መስዬ መሪ ልያዝ?»

«አንዳንዱ እንደዚያ ነው፤ እኔም አልወደውም። ነጭ የማይተው አለ። እሱን መርጠን እንሰጥዎታለን።»

«እና ወራት ነው የምትለኝ? ምርጫው እኮ ሳምንት ነው!»

«ጋሼ፣ አገሩን ሁሉ ‹ቀስ በል› የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ፤ ለካ ጆሯቸውን ጥለው ይሰሙ ነበር። ጋሽ ቀስበልም ሳቁና ላባቸውን ሊጠርጉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ነው ሐኪሙ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ያለው።

ከግራ ጆሯቸው በላይ፣ ፀጉራቸው በሳሳበት፣ የጥፍር ያህል የሆነች ሻካራ ቦታ አለች። እንደ ሌሎቹ ለጥ ያለች አይደለችም፤ ጠርዟ ከፍ ብሏል፣ መካከሏ ቅርፊት ይዟል።

«ይቺስ?»

ባርኔጣው ተመለሰ። «ምላጭ ነው። ፀጉር ስቆረጥ።»

«ትድናለች?»

«ትድንና ትመለሳለች። ምን አስጨነቀህ?»

«ልንካት?» አለና በጣቱ ዳሰሳት። ብርጭቆ ወረቀት ትመስላለች። ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ቀልዱ ጠፋ። «ጋሼ፣ ሌሎቹ ሊቆዩ ይችላሉ። ይቺ ግን መታየት አለባት። ፀሐይ ለብዙ ዓመት የጎዳው ቦታ አንዳንዴ ባሕርዩን ይለውጣል። እንደኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ብዙ አይገኝም፤ አይገኝም ተብሎ ስለሚታለፍ ግን ሲገኝ ዘግይቶ ነው። ምንም ላትሆን ትችላለች። በዓይኔ ብቻ ልነግርዎት አልችልም፤ ተቆርጣ መመርመር አለባት።»

«ተቆርጣ? ከዚያስ?»

«ትንሽ ስፌትና ፕላስተር።»

«ፕላስተር! ፊቴ ላይ! በምርጫው ቀን!» እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ። «ከምርጫው በኋላ እመጣለሁ።»

«ረዳትዎ አሁን መጥቶ ‹ከኋላ ጎማ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማሁ› ቢልዎት፣ ‹ተሳፋሪውን አራግፌ አየዋለሁ› ይሉታል?»

«ጎማና ሰው አንድ አይደለም። ጎማ ይለወጣል።»

«ለዚያ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ በዝግታ። «ጎማ ይለወጣል።»

ሞተሩ ተነሣ፤ ስለዚህ መልስ የለም። መናኸሪያው ሲደርሱ ሐኪሙ የክፍሉን ቁጥርና የሚገባበትን ሰዓት ነገራቸውና እጅ ነሥቶ ሄደ። ጋሽ ቀስበል «እናያለን» ብቻ አሉ። በእሳቸው አፍ «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው።

ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነገሩን ለባለቤታቸው እንደ ቀልድ አድርገው አወሩላቸው፤ ያ እንቅልፋም ልጅ ዶክተር ሆኖ ሊቆራርጠኝ ነው፣ እያሉ። ባለቤታቸው የሚያጣጥፉትን ልብስ አስቀመጡ። አልሳቁም።

«የቷን ነው? የጆሮህን?»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«የትራስህን ደም ሳጥብ የኖርኩት ማን መሰለህ? ‹ምላጭ ነው› ትለኛለህ። ምላጭ ሰው ተኝቶ ሳለ ይቆርጣል እንዴ?»

«እስኪ ምርጫው ይለፍ...»

«አንተ ጋራዥ በር ላይ እንዳያስቀምጡህ ትፈራለህ። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ብቻዬን እንዳትጎልተኝ እፈራለሁ። የማን ፍርሃት ይበልጣል? አንተው ፍረድ፤ ሽማግሌ ነህ ተብሏል አይደል?»

ጋሽ ቀስበል ቀኑን ሙሉ ከሐኪሙ ጋር ሲከራከሩ ስለ ጉንጫቸው፣ ስለ መሪያቸው፣ ስለ ስማቸው አስበዋል፤ ይህንን ግን አላሰቡትም። የተማረው ልጅ ምክንያቱን ሁሉ አንድ በአንድ ደርድሮላቸው ነበር፤ የቀረችው ምክንያት ግን ፊት ለፊታቸው ቆማ ሸሚዛቸውን ታጣጥፍ ነበር።

«ነገ እረፍቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልበሽና አብረን እንሂድ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ከአለቃው ጋር ሆኖ አያቸው። ቦታው በመርፌ ደነዘዘ፤ ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ ተቆርጦ ተሰፋ፤ የተቆረጠው ወደ ምርመራ ተላከ። ለነጠብጣቦቹ የሌሊት መድኃኒት፣ ለቀን ነጭ የማይተው ቅባት ተሰጣቸው። ጋሽ ቀስበል ከአልጋው ሲነሡ፣ «ይሄው ነው? ይሄን ፈርቼ ነው ዓመቱን ሙሉ ባርኔጣ ስጎትት የከረምኩት?» አሉ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም። ከጆሯቸው በላይ ያለው ፕላስተር ከሩቅ ይታያል። ባለቤታቸው ባርኔጣውን ሲያቀብሏቸው ተቀብለው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልደፉትም።

የስምሪት ኃላፊው ገና ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ። «ጋሽ ቀስበል! ምን ሆነው ነው? ተደባድበው ነው?»

«ከፀሐይ ጋር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት እየገባች ስትመታኝ ኖራ ገና አሁን ነው የመለስኩላት።» ከዚያ ሳይደብቁ ነገሩን ሁሉ ነገሩት፤ ሎሚውን ሳይቀር።

ኃላፊው አዳምጦ ሲጨርስ እፎይ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? ባርኔጣዎን እስከ ጆሮዎ ደፍተው፣ ሰው ሲያይዎት ፊትዎን እያዞሩ ሲሄዱ ‹ታመው ይደብቃሉ› የሚል ወሬ ነበር። የሚደብቅ ሾፌር ያስፈራኛል። ጉንጭዎንማ ምን ላድርገው? እዚህ የምንለካው ዓይን ነው፣ ጆሮ ነው፣ እግር ፍሬን ላይ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። የጉንጭ መለኪያ አልገዛንም።»

ዓይናቸው ታየ፤ ጆሯቸው ታየ፤ በአዲሱ አውቶብስ ቁልቁለት ወርደው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ከተመረጡት መካከል ስማቸው ተጠራ። ያ ከባለቤታቸውና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር ማንም የማያስታውሰው ዋናው ስማቸው ስለሆነ ወዲያው አልገባቸውም፤ ረዳታቸው ነው በክርኑ የጎሸማቸው። እሳቸውም የአዲሱን አውቶብስ መሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑ፦ በአዳዲሶቹ አውቶብሶች ሁሉ፣ በሾፌሩ በኩል ባለው የጎን መስታወት ላይ ያ ጨረር የሚያስቀር ላስቲክ እንዲለጠፍ። ኃላፊው ተስማማ።

የምርመራው ውጤት ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ። ቁስሏ ወደ ካንሰር የሚያደርስ ክፉ መንገድ ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልወረደችም፤ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች። «ሌላ ዓመት ቢቆዩ ኖሮ ይህን ወሬ እንዲህ ቀለል አድርጌ አልነግርዎትም ነበር» አላቸው ወጣቱ ሐኪም። ባለቤታቸው እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነው ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ባላቸውን፣ «ምላጭ!» ብለው በክርናቸው መቷቸው።

ከዚህ ታሪክ ምን ይገኛል? ፀሐይን መከላከል የወጣት ቅንጦት እንዳልሆነ ይገኛል፤ በዕድሜ የገፋ ቆዳ ለተጨማሪ ፀሐይ አቅም የለውምና ይልቁንም ያስፈልገዋል። ረጅም እጅጌ፣ ጥላና ቅባት ዛሬ ያለውን ነጠብጣብ እንዳይጠቁር ያደርጋሉ፤ የነገውን ያስቀራሉ። በሎሚና ስም በሌለው ክሬም የሚጠፋው ጊዜ በሐኪም እጅ ቢውል ፊትም ይድናል፤ ሻካራ ሆኖ የሚደማ፣ ድኖ የሚመለስ ቦታ በጊዜ ሲታይ ደግሞ የሚድነው ከፊት ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያፍርበትን ነገር ገልጦ ሲያሳይ፣ ያስፈራው የነበረው ግማሹ በዚያው ይቀልለታል።

ወራት አለፉ። የጋሽ ቀስበል ነጠብጣቦች ደበዘዙ፤ አንዳንዶቹ ጠፉ፣ አንዳንዶቹ ጸንተው ቀሩ። አንድ ቀን በምሳ ማረፊያው ላይ እጃቸውን ታጥበው ቅባታቸውን ሲደግሙ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ተሳፋሪ ከአውቶብሱ ደረጃ ላይ ቆመው ሲያዩአቸው ቆዩ። እኚህ ሴት የጋሽ ቀስበል ታላቅ እህት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉንጫቸው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ለኔም ይሆናል? ወይስ አልፎብኛል?»

ጋሽ ቀስበል «ልጄ» ከተባሉ ብዙ ዘመናቸው ነበር። ቱቦውን ይዘው ቀረቡ።

«አላለፈም፣ እናቴ። ያለውን አያነሣውም፤ እውነቱን ልንገርዎት። መጨመሩን ግን ያቆመዋል። እስቲ መዳፍዎን ያምጡ። በነካ እጄም ልጠይቅዎት፤ የሚሻክር፣ እየደማ የሚመለስ ቦታ አለዎት? እሱን ለሐኪም ነው የሚያሳዩት፤ ለኔም ለጎረቤትም አይደለም።»

ሴትዮዋ ጥቂት አመነቱና ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። ረዳቱ ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ቀስበል ሳይዞሩ በእጃቸው ምልክት «ቆይ» አሉት፤ ጎንበስም ብለው አዩና የወጣቱን ሐኪም ክፍል ቁጥር ይነግሯቸው ጀመር።